የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ለማዘዝ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ምርጫው ቆሮሶ፣ አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ ነው። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ ይቀርባል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው ጺማሙ ነው፤ መልኩን አይተው ብቻ የሚጠሉት ሰዎች አሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ከሁለቱ ውጪ ያለው ትልልቁ ዓሣ ሁሉ ነው። ቀጫጭን እሾህ ስለሚበዛበት ብዙ ጊዜ ተከትፎ ዱለት ወይም ኮተሌት ሆኖ ይመጣል።

ለምሳ ይህ አከፋፈል በቂ ነው። ለሐይቁ ግን አይበቃም። ነጭ ዓሣ ተብሎ አንድ ላይ የሚከመረው ውስጥ 15 ዝርያ አለ። ሁሉም ላቤዮባርበስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡ የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። አብዛኞቹ የሚገኙት ጣና ላይና ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ብቻ ነው። የካርፕ ቤተሰብ ሆኖ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተከፋፍሎ እስከ ዛሬ በሕይወት የቆየ ስብስብ ከጣና ሌላ አይታወቅም። ሌላ አንድ ነበረ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ። እሱን ቆየት ብለን እናየዋለን። ታሪኩ ደስ አይልም።

አፉን እዩ

ጠዋት መረብ ተፈትቶ ዓሣው ሲዘረገፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቀለሙን ተዉት። አንዱ ብርማ ነው፣ አንዱ ወደ ወርቃማነት ያደላል፤ ብዙም አይረዳም። ልዩነቱ ያለው ከዓይን ወደ ፊት ነው።

አንዱ ጭንቅላቱ ረዘምና ሾል ያለ ነው፣ አፉም ሰፊ። ሌላው ከንፈሩ ወፍራም ነው። በጣት ሲነኩት ይለመጣል፣ ከታችኛው ከንፈር ላይ ትርፍ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ሌላው ከጭንቅላቱ ኋላ ማጅራቱ ላይ ጉብ ብሏል። ዓይኑ ፈጠጥ ያለ አለ። ከአፉ ግራና ቀኝ የሚወርደው ጺም የወፈረ አለ። አንድ ትንሽዬ ደግሞ አለ፣ ጭንቅላቱ አጭር ነው፣ ገዢም አይመርጠውም።

መልካቸው የተለያየው ሥራቸው ስለተለያየ ነው። ከንፈረ ወፍራሙ ከንፈሩን ድንጋይ ላይ ይለጥፍና በስንጥቁ የተሸሸጉትን የነፍሳት እጮች ይመጠምጣል። ጭንቅላተ አጭሩ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን አጥልሎ ይበላል። ጎርጎራን አስታውሶ ስም የወጣለት አንድ ዝርያ ቀንድ አውጣ ይሰብራል። ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ቅጠላ ቅጠል የሚግጥም አለ።

ከ15ቱ ስምንቱ ግን ዓሣ በሊታ ናቸው። ነገሩ ጉድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የካርፕ ቤተሰብ ለአደን የተሠራ አይደለም። አፉ ውስጥ ጥርስ የለም። ከሞተ ነጭ ዓሣ አፍ ውስጥ ጣታችሁን ብታስገቡ የሚነካችሁ ነገር የለም፣ ለስላሳ ነው። ጨጓራም የለውም፣ ከጉሮሮ በቀጥታ ወደ አንጀት ነው። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ፣ ከስንጥቡ በስተኋላ ነው። የዓሣ ጭንቅላት መረቅ የሚወድ ሰው አጥንቱን ሲለቃቅም አግኝቶት ያውቅ ይሆናል። ሁለት ቆልመም ያሉ አጥንቶች ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ጥርሶች ተደርድረዋል። ዓሣው የዋጠውን የሚያደቀው እዚያ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ሲሳይ አያሳልፍም። አዳኙ ራሱ የክንድ ያህል ቢሆንም የሚውጠው ጣት የምታክል ዓሣ ነው።

ጥርስ የሌለው፣ ጨጓራ የሌለው፣ ጉሮሮው የጠበበ አዳኝ እንግዲህ ይህ ነው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ዙሪያ ከ2,000 በላይ ዝርያ ሲኖረው ዓሣ በሊታው በጣም ጥቂት ነው። ጣና ላይ ግን ከ15ቱ 8ቱ። ለዓሣ ተመራማሪ ይህ ሥጋ የሚበላ በግ እንደማግኘት ነው።

ከሚታደኑት ትንንሽ ዓሦች አንዷ የምትኖረው ከዳር ርቃ፣ ክፍት ውኃው ላይ ነው። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ለዚያ ሁሉ ዘመን የሐይቁን አዳኞች ስትመግብ የኖረች ዓሣ ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው በእኛ ዕድሜ መሆኑ ይገርማል።

አዳኝነቱ ለምን ለነጭ ዓሣ ቀረ? ቦታው ክፍት ስለነበረ ነው። በሌሎች የአፍሪካ ትልልቅ ውኃዎች ዓሣ አሳዶ መብላትን የያዙት እንደ ናይል ፐርች ያሉ ጥርሳምና አፈ ሰፊ ዓሦች ናቸው። ናይል ፐርች በታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ሞልቷል። ወደ ጣና ግን አልወጣም። የከለከለው ጢስ ዓባይ ነው።

ፏፏቴውና የደረቀው ሐይቅ

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ነው። እኛ ጢሱንና ቀስተ ደመናውን እናያለን። ለዓሣ ግን በምንም ዓይነት የማይወጣ ገደል ነው። ከሱዳን በኩል ሽቅብ የመጣ ዓሣ ሁሉ እዚያ ይቆማል። ከላይ ያሉት ደግሞ ብቻቸውን ቀሩ።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አማካዩ 8 ሜትር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ ስትሄዱ ከሥራችሁ ያለው ውኃ በአማካይ የባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቁመት አይሞላም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዝናብ ለረጅም ዘመን ሲጠፋ መድረቁ አይቀርም። ደርቆም ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ከሐይቁ ወለል ላይ ደለል ቆፍሮ አወጣ። ከደለሉ ሥር የተገኘው የደንገል ረግረግ ቅሪት ነው። ዛሬ ክፍት ውኃ የሆነው መሃል ሐይቁ ደንገል የበቀለበት ጊዜ ነበር። ሐይቁ ከዛሬ 18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ደርቆ ነበር። መልሶ ሞልቶ በዓባይ በኩል መፍሰስ የጀመረው ከ14,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያ ዘመን በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ክፉ የድርቅ ዘመን ነበር። ቪክቶሪያ ሐይቅም ያኔ ደርቋል።

እንግዲህ አስቡት። ሐይቁ ሲደርቅ የነጭ ዓሣ ቅድመ አያቶች በወንዞቹ ጥልቅ ጥልቅ ቦታዎች ተርፈው መሆን አለበት። ሐይቁ ሲሞላ ወረዱ። ያገኙት ባለቤት የሌለው ሰፊ ውኃ ነው። አንዱ ወደ ድንጋያማው ዳርቻ አደላ፣ አንዱ ወደ ክፍት ውኃው፣ አንዱ ወንድሙን መብላት ጀመረ። ለተፈጥሮ 15 ሺህ ዓመት ማለት ምንም ማለት አይደለም። በሌላ ቦታ አዲስ ዝርያ ለመፈጠር ብዙ ጊዜ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል።

መለያየቱ ትኩስ መሆኑ በዘረመላቸውም ይታያል። ከእናት ብቻ በሚወረሰው ዲኤንኤ ሲመዘኑ ነጭ ዓሦቹ እርስ በርስ ለመለየት ያስቸግራሉ። ፊታቸው ከዘራቸው ቀድሞ ተለያይቷል። ሌላም ነገር አለ። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፣ ከእናት አንድ እጅ ከአባት አንድ እጅ። የላቤዮባርበስ ክሮሞዞም ግን ወደ 150 ይጠጋል፣ ስድስት እጅ ነው። አንዱ ቅጂ የለመደውን ሥራ ሲሠራ ሌላው ለለውጥ ነፃ ይሆናል፣ የለውጡ ፍጥነት ከዚህ ሊሆን ይችላል ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ።

ይህ ችሎታ የጣናዎቹ ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያና የሩሲያ ተመራማሪዎች በገናሌ ወንዝ ላይ ከዚሁ ወገን የሆኑ፣ አፋቸው በተመሳሳይ መንገድ የተከፋፈለ ዓሦችን አጥንተዋል። ከንፈረ ወፍራም እዚያም አለ። በኢሉባቦር በሶር ወንዝ ደግሞ ጋራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች በአንድ ወንዝ ውስጥ ስድስት ዓይነት መልክ ይዘው ተገኝተዋል። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር የሐይቅ ብቻ ነው ይባል ነበር። የደጋችን ወንዞች ይህን ሐሳብ እያስቀየሩት ነው።

ሳይንቲስቶቹም አንድ ጊዜ ከምረዋቸዋል

የጣናን ነጭ ዓሦች ለአውሮፓ ሳይንስ ቀድሞ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞሮ የሰበሰባቸውን ዓሦች ፍራንክፈርት ወስዶ ለያይቶ ስም ሰጣቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ጣሊያኖች መጥተው ሐይቁን አጠኑ፣ ተጨማሪ ስሞችም ወጡ። ስሙ ብቻ በዛ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች (ላቤዮባርበሶቹ ያኔ የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር) እንደገና መረመረና የጣናዎቹን ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ፣ በቃ። እሱን መውቀስ ቀላል ነው። ግን በአልኮል ተዘፍዝፈው ቀለማቸው የጠፋ ዓሦችን ሙዚየም ውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? መሃል ላይ የሚዋልሉ፣ ወደዚህም ወደዚያም የማይሆኑ ዓሦች ሁልጊዜ አሉ። የትና መቼ እንደተያዙ፣ ሆዳቸው ውስጥ ምን እንደነበረ አብሯቸው አልተጻፈም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሐይቁ ላይ ተቀምጠው ሠሩ። ዓሣውን ሲያዝ ያዩታል፣ ሆዱን ይከፍታሉ፣ ጥልቀቱን ይመዘግባሉ፣ እንቁላል መያዝ አለመያዙን ያያሉ። መልክ፣ ምግብና መኖሪያ አንድ ላይ ሄዱላቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ጽሑፍ ርዕስ ራሱ እነዚህ ዓሦች የተረሱ የዝርያ ስብስብ ይሆኑ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ክርክሩን የዘጋው ግን መልካቸው ሳይሆን አረባባቸው ነው። ዝርያ ማለት በመጨረሻ ከማን ጋር እንደሚራባ ነው። እሱ ደግሞ የሚታየው ክረምት ላይ ነው።

ክረምት ሲገባ

ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞችና ጅረቶች ከ60 ይበልጣሉ። ውኃውን በብዛት የሚያመጡት ግን አራት ናቸው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ። ከ15ቱ ነጭ ዓሦች ሰባቱ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ። የቀሩት ስምንቱ ወንዝ ላይ አይታዩም፤ የሚራቡት እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ወንዝ የሚወጡት ዝናቡ ሲጀምር በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ውኃው ደፍርሶ ከፍ ሲል ሽቅብ ይጓዛሉ። ዋናው ጉዞ ነሐሴና መስከረም አካባቢ ነው። ሁሉም ግን አንዴ አይሄዱም። እንደ ዕቁብ ተራ አላቸው። አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ ጨርሶ ሲመለስ ሌላው ይከተላል። በአንድ ሳምንት የሚገናኙትም ጅረት ይለያያሉ። ናገልከርከና ሲቢንግ ዝርያዎቹ የየራሳቸው ናቸው ለማለት የደፈሩት ይህን ካዩ በኋላ ነው። አንድ ዓሣ ቢሆኑ ኖሮ ተራ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋቸዋል?

የሚፈልጉት ቦታ በጣም የተለየ ነው። ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ፎገራ ሲደርስ ጭቃ ነው፣ ጣት ብታስገቡ አይታይም። ዓሦቹ ግን እንቁላላቸውን እዚያ አይጥሉም። ጭቃውን ወንዝ አልፈው ወደ ትንንሾቹ፣ ጥርት ወዳሉት፣ ጠጠራማ ወለል ወዳላቸው ጅረቶች ይገባሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መሃል ይቀመጣል። ሩጫ ያለው ውኃ በጠጠሩ ሥር እያለፈ አየር ይሰጠዋል። ደለል ከተኛበት ይታፈናል።

ከቆሮሶ ጋር ብታነጻጽሩት ልዩነቱ ይገባችኋል። ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም። እናትየዋ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፣ ጫጩቶቹ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሐይቁ ዳር ይራባል፣ ቶሎ ያድጋል፣ መረብ ቢበዛበትም ቶሎ ያገግማል። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጠጠር ላይ ጥሎ ይሄዳል። ዕድገቱም አዝጋሚ ነው፣ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። ዛሬ እንቁላል ይዞ የተያዘ ትልቅ ነጭ ዓሣ ቦታውን የሚተካለት በርካታ ክረምት አልፎ ነው።

አሁን ራሳችሁን በአሥጋሪው ቦታ አድርጉ። ሌላ ጊዜ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተበተነ ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ወንዝ አፍ ላይ ተጠራቅሟል። መረብ መጣል ብቻ ነው። ማን ይተዋል? ልጅ የሚያስተምር ሰው አይተውም፣ እኔም ብሆን አልተውም ነበር።

ገበያውም በዚያው ሰሞን ይጠራል። ጾመ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። የሚበላው ሰው ብዙ መሆኑን ግን ዓሣ ቤቶቹን አይቶ ማወቅ ይቻላል። የዓሣው መውለጃና የዓሣው መፈለጊያ አንድ ወር ላይ ገጠሙ። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፣ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ጉዳቱ ግን ያው ነው።

ምን ያህል ቀነሰ?

ድሮ ጣና ላይ የሚሠገረው በደንገል ታንኳ ነበር። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በዚህ ሙያ ይታወቃል። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፣ ውኃ ስለሚጠጣም በየጊዜው መድረቅ አለበት። በዚህ ታንኳ የሐይቁን ዓሣ መጨረስ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። በጎ ሥራ ነበር፣ ለከተማው ዓሣ ለአሥጋሪው ገንዘብ አምጥቷል። ግን ጀልባው መሃል ሐይቁንም ሩቅ ያሉትን የወንዝ አፎችም ደረሰባቸው።

ውጤቱን ተመራማሪዎች ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተያዘውን ከ1999 እስከ 2001 ከተያዘው ጋር ሲያነጻጽሩ የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ያልደረሱት ግልገሎች ደግሞ በ90 በመቶ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ። በተለይ የግልገሎቹ ቁጥር ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም መረቡ የሚይዘው ትልልቁን ነው፣ ግልገሎቹ በመረብ አላለቁም። አልተወለዱም።

አንድ ላይ መከመሩ ጉዳት ያመጣው እዚህ ጋ ነው። ሪፖርት ላይ ነጭ ዓሣ ይህን ያህል ቶን ተብሎ ሲጻፍ ወንዝ የሚወጡት ሰባቱና የማይወጡት ስምንቱ ተደባልቀዋል። አንዱ ዝርያ ጨርሶ ቢጠፋ ሌላው ቦታውን ሞልቶ ቶኑ ላይ ላይታይ ይችላል። ምግብ ቤቱም አይለይም፣ ኮተሌት ከሆነ በኋላ ከንፈሩ ወፍራም ይሁን ቀጭን ማን ያውቃል?

ስለ እምቦጭ ሳላነሣ አላልፍም፣ ጣና ሲባል ሰው የሚጠይቀው እሱን ነውና። አረሙ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዳሩን ይሸፍናል፣ ብርሃን ይከለክላል፣ ከሥሩ አየር ያሳጣል። የነጭ ዓሣ ግልገሎች የሚያድጉት ደግሞ ዳር ዳሩን ስለሆነ ይጎዳቸዋል። እምቦጭ ግን በዓይን ይታያል። ስለሚታይም ዘመቻ ተጠራበት፣ ሕዝቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፣ ማሽን ተገዛ። የወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚጣለው ማታ ነው፣ ዘፈንም አልወጣለትም። ለነጭ ዓሣ የትኛው ይብሳል ብትሉኝ እኔ መረቡን ነው የምለው።

ከወንዞቹ በላይኛው ክፍልም ችግር አለ። ባሕር ዳርና ጎንደር ሲሰፉ አሸዋና ጠጠሩ የሚመጣው ከእነዚሁ ወንዞች ወለል ነው፤ ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ጠጠር በሲኖትራክ ተጭኖ ይሄዳል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመነስነስ ዓሣ የማስከር ልማድ አለ። ያ ትልቅ ትንሽ አይለይም። በበጋ ለመስኖ በየወንዙ ፓምፕ ይተከላል፣ ውኃው ሲያንስ ወደ ሐይቁ ያልወረዱት ግልገሎች ኩሬ ውስጥ ይቀራሉ። ርብ ላይ ትልቅ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። የፎገራ ገበሬ ውኃ አያስፈልገውም የሚል ሰው የለም። ዓሣ ግን ግድብ አይዘልም።

ሕግ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፣ ክልሉም የራሱ አለው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ መፍትሔው ሐይቁን ሁሉ መዝጋት አለመሆኑ ነው። የሚዘጋው ጥቂት የወንዝ አፍ ነው፣ ለጥቂት ሳምንት። የቀረው ሐይቅ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በእነዚያ ሳምንታት አሥጋሪው ምን ይበላል የሚለው ካልተመለሰ ግን ወረቀቱ መረብ አያስነሣም።

ፊሊፒንስ ላይ የሆነው

ሚንዳናዎ ደሴት ላይ ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እሱም ደጋ ላይ ያለ፣ በፏፏቴ የተነጠለ ሐይቅ ነው። እሱም የራሱ የካርፕ ቤተሰብ ዝርያዎች ነበሩት። የዝርያ አፈጣጠርን የሚያጠኑ ሰዎች ጣናን ከማወቃቸው በፊት ምሳሌ ሲጠቅሱ የሚጠቅሱት እሱን ነበር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች የሚዘረዝረውን ቀይ መዝገቡን ሲያድስ የላናዎን 17 ብርቅዬ ዓሦች ዕጣ አሳወቀ። 15ቱ ጠፍተዋል። የቀሩት 2ቱ በአፋፉ ላይ ናቸው፣ ምናልባትም የሉም። ምክንያቱ ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች ናቸው፤ ከመጠን ያለፈና አጥፊ ሥገራም ተጨምሮበታል። አዳኞቹ ሲገቡ ነባሮቹ መሸሽ አያውቁበትም ነበር።

ቪክቶሪያ ሐይቅም ላይ ናይል ፐርች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሆን ተብሎ ገብቶ በመቶ የሚቆጠሩ ነባር ዝርያዎችን አጥፍቷል። ፊሌቶው ለአውሮፓ ገበያ ጥሩ ገንዘብ አምጥቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። የጠፉት ግን አይመለሱም።

ጣና ከላናዎ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። መረብ በዝቶበታል፣ አረም ወርሮታል፣ ወንዞቹ ተጎድተዋል። ነገር ግን ከውጭ የመጣ አዳኝ ዓሣ አልወረሰውም። ጢስ ዓባይ ለሺህ ዓመታት የከለከለውን ሰው በባልዲ ይዞ ፏፏቴውን በመኪና አልፎ ማምጣት ይችላል። ክፋት አያስፈልገውም። ዝዋይ ላይ ዛሬ የሚያዘው ካርፕ የአገሩ ዓሣ አይደለም፣ በሰው እጅ የገባ ነው።

ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት አሁን እየተለመደ ነው፣ ጥሩም ሥራ ነው። ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ ግን ክረምት ውኃ ይተኛል። ኩሬው ሞልቶ ሲፈስ ውስጡ ያለው ዓሣ የሚሄደው ወደ ጣና ነው፣ ሌላ መሄጃ የለውም። በእነዚያ አካባቢዎች ኩሬ ያሰበ ሰው የሚያረባውን ቆሮሶ ከራሱ ከጣና ያስመጣ። ሌላ ዓሣ ቶሎ ያድጋል ብሎ የሚያማክረው ባለሙያ ቢመጣ ደግሞ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ ይህ ዓሣ ምን ይበላል?